የሦስት መቶኛው ቤት ደብተር

ቢሮ ውስጥ «ደቂቃ» ነበር የምንላት፤ በሌለችበት ማለቴ ነው። ፊት ለፊቷማ «ዶክተር»፣ ኋላም «ፕሮፌሰር» ነበረች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ አላፍርበትም። ሰው «ትንሽ ቆይቼ እመጣለሁ» ሲላት «ስንት ደቂቃ?» ብላ የምትጠይቅ ሴት ሌላ ምን ትባላለች? በሦስት ዓመት ስለምበልጣት እዚህ ላይ አንቱ አልላትም። ሥራ ላይ ግን ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» ስንባባል ነው የኖርነው፤ እሷ እኔን «እትዬ»፣ እኔ እሷን «ዶክተር»።

ኢኮኖሚስት ነበረች። የምታጠናው ደግሞ ሌሎቹ የሚንቁትን ነው፤ ደመወዝ የማይከፈልበትን፣ ቤት ውስጥ ተሠርቶ ቤት ውስጥ የሚያልቀውን ሥራ። ነገሩ የጀመራት በልጅነቷ ነው። እናቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ባላቸው በጊዜ ሞተውባቸው አንድ ልጃቸውን በስፌት መኪና ያሳደጉ ሴት። አንድ ቀን ሕዝብ ቆጣሪ መጣና «ሥራ አለዎት?» ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም እግራቸው መርገጫው ላይ፣ መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንዳለ፣ «ኧረ የለኝም፣ ቤት ነው የምውለው» አሉ። ቆጣሪው «ሥራ የላትም» ብሎ ጽፎ ሄደ። ልጅቷ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ትለቅማለች። «ንዴቴ እስከ ዛሬ አልበረደልኝም» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፣ አልበረደላትም።

የዶክትሬት ጽሑፏን ያቀረበች ዕለት ከፈታኞቹ አንዱ፣ አንቱ የተባሉ ሰው፣ «ድስት ማማሰልም ኢኮኖሚክስ ሆነ እንግዲህ?» አሏት። እሷም «ጌታዬ፣ ዛሬ ምሳ በልተዋል?» አለች። «በልቻለሁ።» «ማን ሠራው? ስንት ሰዓትስ ፈጀበት?» የመጀመሪያውን መለሱ። ለሁለተኛው መነጽራቸውን አውልቀው ይጠርጉ ጀመር፤ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ማዕረጓን ይዛ ወጣችና ሁለት ክፍል ቢሮ ተሰጣት። እኔ ያኔ ነው የተቀጠርኩት፤ ሥራዬ መረጃ ማጥራትና ማሽን በምንለው ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት ነበር።

ጥናቱ እንዲህ ነው። ሦስት መቶ ቤት ተመረጠ። በየዓመቱ ለአሥራ አራት ቀን፣ በየቤቱ ያለችው ሴት የጊዜ ደብተር ትሞላለች። ቀኑ በግማሽ በግማሽ ሰዓት ተከፍሎ አርባ ስምንት መስመር ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ መስመር ሦስት ጥያቄ አለው። ምን ሠራሽ? ጎን ለጎንስ ምን ሠራሽ? ማን አብሮሽ ነበር? የመጨረሻው መልሱ ቁጥር ነው፤ ብቻዋን ከሆነች ዜሮ፣ ባል አንድ፣ ልጅ ሁለት፣ ሌላ ሰው ሦስት። ጠርዙ ላይ ማስታወሻ የሚጻፍበት ጠባብ ቦታ አለ፤ ብዙዎቹ ባዶውን ይተዉታል።

ደቂቃ ሁለት ደንብ አወጣች፤ ለደንብ ደግሞ ማንም አይደርስባትም። አንደኛው፣ የቤቱ ሰው የሚባለው ካለፈው ዓመት ቢያንስ ስድስት ወር በዚያ ጣሪያ ሥር ያደረ ብቻ ነው። ሁለተኛው፣ አጥኚዋ ራሷ ደብተሮቹን አታይም። ፖስታውን የምከፍተው እኔ ብቻ ነኝ፤ ለእሷ ቁጥሩን ብቻ እሰጣታለሁ፤ ደብተሩ ምድር ቤት ይቆለፍበታል። «የሰው የእጅ ጽሑፍ ካየሁ አዳላለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። ልክ ነበረች መሰለኝ። ያ ደንብ ምን እንደሚያመጣ ግን ያኔ ሁለታችንም አላየንም።

የመጀመሪያው ዓመት ደብተር ሊበተን ሁለት ቀን ሲቀረው አንዱ ቤተሰብ ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ቀረን። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን ችግር አለው» ይል ነበር። እሷ ግን ፊቷ ጠቆረ፤ ስትንጎራደድ ዋለች። በማግስቱ ጠዋት አዲስ የቤት መዝገብ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። ዓይኔን አላየችኝም።

«የእናቴን ቤት አስገብቼዋለሁ» አለች።

በኛ ሥራ ይህ ነውር ነው። የራስህን ቤት አትቆጥርም፤ ጀማሪውም ያውቀዋል። «ዶክተር፣ ይሄማ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ። ለማንም እንዳይናገሩብኝ።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። መዝገቡን ሳየው «የቤቱ ሰዎች ብዛት፦ አንድ» ይላል። እሷ ለብቻዋ ክፍል ተከራይታ መኖር ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር፤ እናቷን በወር አንድ እሑድ ነው የምታያቸው። በገዛ ደንቧ የእናቷ ቤት ሰው አልነበረችም።

ደብተሩ ተሞልቶ መጣ። እኔ እንደዚያ ያለ ደብተር ከዚያም በፊት ከዚያም በኋላ አላየሁም። ፊደሉ ሁሉ በልክ የተሰፋ ነው፤ ስርዝ የለ፣ ድልዝ የለ። ቁጥሩን ማሽኑ ውስጥ እያስገባሁ የመጀመሪያው ማክሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስደርስ ማሽኑ ጮኸ። በመዝገቡ ልጅ በሌለበት ቤት «ሁለት» ተጽፏል። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ፣ አራቱም መስመር ሁለት። ጠርዙ ላይ ደግሞ ማስታወሻ አለ፦ «ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። አረንጓዴ ሹራቧን ለብሳለች። ሁለታችንም አለቀስን።»

ያንን ማክሰኞ አስታወስኩት። አረንጓዴ ሹራብ ለብሳ ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ከክፍሏ ዓይኗ እንባ እያፈሰሰ ወጣች። «ምን እንዳቃጠለኝ አላውቅም፣ እትዬ» ብላኝ መሐረቤን ሰጥቻታለሁ፤ እስካሁን አልመለሰችልኝም። የሰዓት መፈረሚያውን አወጣሁ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ገብታ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነው የወጣችው። የአሥራ አራቱን ቀን አየሁት፤ ያን ሰሞን እሑድም እንገባ ነበርና አንድም ቀን በዘጠኝ ሰዓት ከቢሮ አልወጣችም። በአሥራ አራቱም ቀን ደብተሩ ላይ ሁለት ተጽፏል።

ከዚያ ምን አደረግሁ? አረምኩት። ለእርማት አረንጓዴ እስክሪብቶ ነበረኝ፤ ሁለቱን በቀጭኑ ሰርዤ በላዩ ዜሮ ጻፍኩ። ደንቡ እንደሚለው እያንዳንዱን እርማት ማስተካከያ ቅጽ ላይ መመዝገብ ነበረብኝ፤ ቅጹን ደግሞ እሷ ታነበዋለች። አልመዘገብኩትም። እናትሽ ብቻቸውን ቁጭ ብለው አንቺ አጠገባቸው እንዳለሽ ይጽፋሉ ብዬ እንዴት ልንገራት? አሳዘነችኝ። እውነቱን ለመናገር ፈራሁም።

ነገሩ በአንድ ቤት ቢያበቃ እርጅና ነው ብዬ በተውኩት ነበር። ግን ብቻቸውን የሚኖሩ ሌሎች አሥራ ስምንት ሴቶች ነበሩ። ማሽኑ በሁሉም ላይ ጮኸ። የአንዷ ልጅ ባሕር ማዶ ነው፣ የሌላዋ ሌላ ከተማ አግብታለች፣ የአንዷ ከሞተ አራት ዓመቱ። ሁሉም ከሰዓት በኋላ ላይ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ልጇ የሞተባት እናት ጠርዙ ላይ «ዛሬ ቶሎ ሄደ» ብላ ጽፋለች። እኔ አረንጓዴውን እስክሪብቶ ይዤ ሁሉንም ዜሮ አደረግኋቸው። ማሽኑ ዝም አለ። ሥራዬ እሱ ነበር፤ ማሽኑን ዝም ማሰኘት።

በዓመቱ ደቂቃ ወረቀት ይዛ እየሮጠች መጣች። ፊቷ በርቷል።

«እትዬ፣ ይዩት እስቲ! ብቻቸውን የሚኖሩት ሴቶች የሁለት ሰው ምግብ ያበስላሉ። ሁለት ሰሃን ያጥባሉ። አሥራ ዘጠኙም! ለማን ነው?»

ዓይኔን ወደ ማሽኑ መለስኩ። «እኔ ምኑን አውቄ፣ ዶክተር።»

እሷ ግን አወቀች፤ አወቅሁ አለች። «የልማድ ቅሪት» የሚል ስም ሰጠችው። ሰውየው ከቤት ቢሄድም እጅ ሥራውን አይረሳም፣ አካል የለመደውን ይሠራል አለች። እንጀራዋ ይኸው ሆነ። መጽሐፍ ጻፈች፤ ከሁሉም የተሟላው የሦስት መቶኛው ቤት ስለነበር አንዱ ምዕራፍ ስለሱ ብቻ ነው፤ የማን ቤት እንደሆነ ግን አልተናገረችም። በየአገሩ ተጠራች፤ ፕሮፌሰር ተባለች። መድረክ ላይ ቆማ «በየመስመሩ ዜሮ ነው፤ ሆኖም ሁለት ሰሃን ታጥባለች» ስትል ሰው እንባው ይመጣ ነበር። እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ጥፍሬን እበላለሁ።

እናትየዋን አንድ ቀን አግኝቻቸዋለሁ። ሰባተኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል። መረጃ ሰብሳቢዋ ስለዘገየችባቸው ደብተራቸውን ራሳቸው ይዘው መጡ። ቀጠን ያሉ፣ የስፌት ሜትር አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ የወጡ ሴት። ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነው። የልጃቸው በር ከኔ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ አይሞላም።

«ልጥራልዎት እማማ?» አልኳቸው።

«ተይያት፣ ሥራ ላይ ናት» አሉ። ሳቅ ብለው በሩን አዩት። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንገናኝ የለ!»

እሳቸውም ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰበብ ፈልጌ ወደ ክፍሏ ገባሁ። ደቂቃ ጠረጴዛዋ ላይ ነበረች፤ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሁለት እጇን ጭኗ ላይ አድርጋለች። ጣቶቿ ይንቀሳቀሳሉ፤ የሆነ ነገር የምትልጥ ይመስላል። ስታየኝ ደንገጥ ብላ «ሐሳብ ይዞኝ ጠፋ» አለች።

በአሥራ አንደኛው ዓመት እናትየዋ ሞቱ። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ከሰዓት በኋላ ነው ጎረቤት ያገኘቻቸው። ደቂቃ ባሕር ማዶ ስብሰባ ላይ ነበረች፤ ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። ተመልሳ በሦስተኛው ቀን ቢሮ ገባች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ደብተር የሚበተንበት ወቅት ሲደርስ፣ ደንብ ነውና፣ የቤት መዝጊያ ቅጽ አዘጋጅቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩ። አንድ ገጽ ወረቀት ናት፤ ቤቱ ለምን እንደተዘጋ ተጽፎባት ይፈረምባትና ያ ቁጥር ከጥናቱ ይወጣል። ቅጿ አልተመለሰችም። በምትኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከፖስታዎቹ መካከል የሦስት መቶኛው ቤት ፖስታ መጣ።

ሌላውን ትቼ እሱን ከፈትኩት። ፊደሉ የእናትየዋ ነው፤ በልክ የተሰፋ። ትንሽ ቆይቼ ግን የፊደል አጣጣሏን ለየሁት፤ ደቂቃ «መ»ን ስትጽፍ ሁለቱን ክብ የምታያይዝበት መንገድ አላት። ራሷ ነች የጻፈችው። መነሳት፣ መጥረግ፣ ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ለሁለት ሰው ማብሰል፤ ሁሉም አለ። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ዜሮ። ዘጠኝ ሰዓትም ዜሮ። አሥራ አራቱንም ቀን ከላይ እስከ ታች ዜሮ። እኔ ያረምኩትን እውነት መስሏት ነው የጻፈችው። ማሽኑ አንድ ጊዜ እንኳ አልጮኸም።

መናገር ነበረብኝ። ያን ጊዜ ብናገር ኖሮ አሥራ አራት ዓመት አትሰቃይም ነበር። ግን የእሷን ጉድ ባወጣ የራሴም ሊወጣ ነው። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ አስገባሁት። በሚቀጥለውም ዓመት መጣ፣ በሚቀጥለውም።

አንድ ጊዜ ከማዘጋጃ ቤት ስለ ቤቱ አንድ ማስረጃ ተፈለገና ከእናቷ ቤት ልታመጣ ስትል አብሬያት ሄድኩ። ቤቱ ከተቆለፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ቁልፉ ከእሷ ቦርሳ ወጥቶ አያውቅም። አቧራው የሰው ዱካ ያስቀራል፤ የእኛ እንጂ የሌላ አልነበረበትም። ወጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ሰማያዊ ድስት ነበረ። ጆሮው ተሰብሮ አጠገቡ ወድቋል። ድስቱ አቧራ ለብሷል፤ ስብራቱ ግን ንጹሕ፣ አዲስ ነው። እኔ ከሳምንት በፊት ማሽን ውስጥ ያስገባሁት ደብተር ጠርዝ ላይ፣ በደቂቃ እጅ፣ «ዛሬ የሰማያዊው ድስት ጆሮ ተሰበረብኝ» የሚል አንብቤ ነበር። ቀና ብዬ አየኋት። እሷም ድስቱን እያየች ነው። ማስረጃውን አነሳች፣ በሩን ቆለፈች፤ ወደ ቢሮም ተመለስን።

ጡረታ ስትወጣ ኪራይ ቤቷን ለቅቃ እናቷ ቤት ገባች። እኔ ቀድሜ ወጥቼ በኮንትራት ተመልሻለሁ። አዲሱ ኃላፊ የቀድሞ ተማሪዋ ነው፤ ጥሩ ልጅ ነው፣ ትንሽ ይቸኩላል እንጂ። የሃያ አምስት ዓመቱን ጥናት በአንድ መጽሐፍ ሊያወጣው ሲል ጠራኝ።

«እትዬ፣ የሦስት መቶኛዋ ሴትዮ ዘጠና አምስት ዓመታቸው ነው» አለኝ። «ልብስ በእጃቸው ያጥባሉ፤ ታመው አያውቁም። ጤናውን ይስጣቸው! ግን አጣሪ ኮሚቴው ሰኞ ሰው ይልካል።»

የሞተ ሰው ለአሥራ አራት ዓመት ደብተር ሲሞላ ከተገኘ፣ ሁለት መቶ ዘጠና ዘጠኙንም ማን ያምናል? የእነዚያ ሁሉ ሴቶች ዘመን ቆሻሻ መጣያ ሊገባ ነው። ሰኞ ከመድረሱ በፊት እሷው ራሷ ቤቱን ብትዘጋ፣ የጻፈችው እሷ መሆኗንም ብታምን፣ የሷ ደብተሮች ብቻ ይወጣሉ፤ ሌላው ይተርፋል። «እኔ ልሂድ» አልኩ። ምድር ቤት ወርጄ የእናትየዋን አሥራ አንድ ደብተሮች ከሣጥኑ አውጥቼ ዘንቢል ውስጥ አስገባሁ። የቤት መዝጊያ ቅጿንም ጨመርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ጓሮ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። የእናቷን ቡናማ ሽርጥ አገልድማለች፤ የስፌት ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው። «እትዬ! ይግቡ ይግቡ» አለች፤ እውነትም ደስ ብሏት። «ዘጠኝ ሊሆን ሃያ ሁለት ደቂቃ ይቀራል። ሻይ ላፍላ።»

ቤቱ ተጠርጎ ተወልውሏል። ደብተሩ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል፤ አሁን የደብተሩ ወቅት አይደለም። ደክሞኝ ስለነበር አጠገቤ ያገኘሁት ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

«እዚያ አይቀመጡ!»

ብድግ አልኩ። ወንበሩ ይሞቅ ነበር። ሰው አሁን የተነሳበት ወንበር እንዴት እንደሚሞቅ ሁሉም ያውቃል። እሷ ጓሮ ነበረች፤ ፀሐይም በዚያ በኩል አይገባም። ሌላ በርጩማ አመጣችልኝና ምንም እንዳልተፈጠረ ሻይ ቀዳች። ካሮት ይዛ መጥታ መላጥ ጀመረች። «ሽንኩርት አልቆብኛል፣ ዛሬም ሳልገዛ ቀረሁ» አለች። ካሮቱ ለሁለት ሰው የሚሆን ነው።

«ዶክተር፣ ሰኞ ሰው ሊልኩ ነው» አልኳት። ሁሉንም ነገርኳት። ቅጿን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

አልደነገጠችም። «አልፈርምም» አለች።

«ሁሉም ይበላሻል እኮ።»

«እትዬ፣ ይስሙኝ።» ቢላዋዋን አስቀመጠች። «አሥራ አንድ ዓመት በየመስመሩ ዜሮ። እያንዳንዱን ዜሮ በዓይኔ አይቻለሁ። ደምሬዋለሁ፣ አካፍዬዋለሁ፣ አሳትሜዋለሁ፤ ተጨብጭቦልኛል። ከቢሮዬ እዚህ ድረስ አርባ ደቂቃ ነው። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን እንኳን በዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ አልመጣሁም። አሁን ቀኗን ሰው መዋል አለበት። እኔ እየዋልኩላት ነው። ከዘጋሁትማ ብቻዋን እንደሆነች ቀረች ማለት ነው።»

ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ስብሰባ ላይ የምታወራ ነበር የምትመስለው። አንጀቴን በላችው። ሃያ አምስት ዓመት የደበቅሁት ነገር ያን ጊዜ ወጣ።

«አንቺ ልጅ» አልኳት፤ እንዲህ ብያት አላውቅም። «ዜሮውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ዘንቢሉን ገልብጬ አሥራ አንዱን ደብተር ፊቷ ደረደርኩ። የመጀመሪያውን ከፈትኩና ማክሰኞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ሁለት፤ በላዩ የኔ አረንጓዴ ዜሮ፤ ጠርዙ ላይ የእናቷ ጽሑፍ።

ጮክ ብላ አነበበችው። «ልጄ ከጎኔ ተቀምጣ ሽንኩርት ትልጣለች። አረንጓዴ ሹራቧን…» ድምፅዋ ተቆረጠ። ገለጠች። «ዛሬ ፀጉሯን አልተበጠረችም፤ ሥራ በዝቶባታል መሰለኝ፣ ዝም አልኳት።» ገለጠች። «ዛሬ ሳቀች።» ሁለተኛውን ደብተር አነሳች፣ ሦስተኛውን። በየገጹ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፤ በየገጹ የኔ እጅ። የሌሎቹንም፣ የአሥራ ስምንቱን ሴቶች ነገርኳት።

«ለምን አልነገሩኝም?»

«እንዳይከፋሽ ብዬ።»

«ከፋኝ እኮ!» ብላ ጮኸች። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። «ከፍቶኝ ነው የኖርኩት! ሃያ አምስት ዓመት፣ እትዬ! ከፍቶኝ ነው ያረጀሁት!»

ይቅርታ ብል ምን ይፈይዳል? አንገቴን ደፍቼ ተቀመጥኩ። እሷ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፍና ቆየች፤ ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቀች ነው።

«የልማድ ቅሪት!» አለች። «የልማድ ቅሪት ብዬ… ለእኔ ነበር እኮ የምታበስለው።»

የግድግዳው ሰዓት ዘጠኝ ሆነ። ዓይኔን አቃጠለኝ። መጀመሪያ የራሴ እንባ መስሎኝ ነበር፤ ግን ይቆጠቁጣል፣ አፍንጫዬን ሰርስሮ ገባ። ሽታው አይጠፋኝም። አዲስ የተላጠ ሽንኩርት ነው። ቤቱ ውስጥ ግን ካሮት እንጂ ሌላ አልነበረም። ደቂቃም ሸትቷታል፤ ሳቋን አቁማ አንገቷን ቀና አደረገች። እንባችን ዱብ ዱብ ይላል። ሁለታችንም ወደዚያ ወንበር አላየንም። እኔ ስለፈራሁ ነው፤ እሷ ግን የፈራች አትመስልም ነበር። ሰውነቷን ወደዚያ ጠጋ አድርጋ፣ የቀረውን ካሮት አንስታ ቀስ እያለች ትልጥ ጀመር። አሥር ደቂቃ ያህል እንደዚያ ቆየን። ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ እኔም ደቂቃ መቁጠር ለምጃለሁ።

ከዚያ እጇን በሽርጡ አብሳ ቅጿን ሳበች። «እስክሪብቶ አለዎት?»

ሰማያዊውን ሰጠኋት። የቤቱ ቁጥር፣ ሦስት መቶ። የተዘጋበት ምክንያት፦ «የቤቱ ባለቤት በአሥራ አንደኛው ዓመት አርፋለች። ከዚያ ወዲህ ያለውን የጻፍኩት ልጇ ነኝ።» እኔም ማስተካከያ ቅጽ አውጥቼ ከሃያ አምስት ዓመት በፊት መጻፍ የነበረብኝን ጻፍኩ፤ የአሥራ ዘጠኙን ቤት ቁጥር በዝርዝር። ጎን ለጎን ተቀምጠን ስንጽፍ ፈተና ላይ ያለን ተማሪዎች ነበር የምንመስለው። ሲያልቅ ፈርማ ሰጠችኝ።

«ሁለት እያሉ ሲጽፉ የነበሩት ሌሎቹ» አለች፣ «አሥራ ስምንቱ። በሕይወት ያለች አለች?»

«አራት አሉ።»

«ለልጆቻቸው ይነገራቸው። ሰኞ እኔ ራሴ እደውላለሁ።»

በር ድረስ ሸኘችኝ። ትከሻዬን ይዛ ትንሽ ቆየች፤ ይቅር ብላኝ እንደሆነ አልጠየቅሁም። መንገድ ላይ፣ ከቤቱ ሃያ እርምጃ ርቄ፣ እንደ ልማዴ ቅጿን ለማረጋገጥ አወጣኋት። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ሳላጣራው ከእጄ ያለፈ ወረቀት የለም። ሁሉም ተሞልቷል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ አለች፤ እሷው ራሷ ናት ያስገባቻት፣ ማንም ልብ ብሎ የማይሞላት፦ «ይህ ቅጽ ሲሞላ ቤቱ ውስጥ የነበሩ ሰዎች ብዛት።»

«ሦስት» ብላ ጽፋለች።

አረንጓዴ እስክሪብቶዬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረ። ወረቀቷን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።